መጽሐፍ ቅዱስን ዝቅ ብሎ ማንበብ፦ ከጎጃም ጉባኤ ቤት ወደ ሳሎናችን

በጥቅስ እህቴን አስለቅሻት አውቃለሁ።

ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ነው። ከደብረ ኤልያስ በኩል፣ ከገጠር፣ ደብረ ማርቆስ ድረስ ልትጠይቀን መጥታለች። ቡና ተፈልቷል። ወር ሙሉ የሚሰማት ሰው ያጣች ሴት ስታወራ ታውቃላችሁ፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች። የአማቷን ነገር፣ የበሬውን መታመም፣ የልጇን ትምህርት። እኔ ያን ሰሞን መጽሐፈ ምሳሌን ይዣለሁ። ማስታወሻ እጽፋለሁ፣ ጥቅስ እሸመድዳለሁ። ወሬዋን አቋረጥኳትና «በቃል ብዛት ውስጥ ኃጢአት ሳይኖር አይቀርም» አልኳት። ምሳሌ 10፥19። ምዕራፉንና ቁጥሩንም ሳልጠራላት አልቀረሁም።

ዝም አለች። ሲኒዋን አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ። በረካው ሳይደርስ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እናቴ እሳቱን እያዳፈነች «መጽሐፉን ዝጋው፤ ዛሬ አላነበብከውም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አነባበቤን ከሥሩ ለመለወጥ እየሞከርኩ ነው። መምህር አይደለሁም። በልጅነቴ ንባብ ቤት ገብቼ ዳዊት ደግሜ የወጣሁ፣ የቀረውን በከተማ ትምህርት ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ግን ጎጃም ያደገ ሰው የአብነት ተማሪ ሳያይ አያድግም። ዋሸራና ጎንጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚሰጥባቸው ጉባኤ ቤቶች፣ በቅኔ ስማቸው የተጠራ ነው። ዲማ ጊዮርጊስንም የማያውቅ የለም። ሊቃውንቱ ለዘመናት ባቆዩት የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ትሕትና በአሠራሩ ተሠርቶ ገብቷል። ተማሪው ቢፈልግም ባይፈልግም ዝቅ ይላል። ይህን ሥርዓት ወደ ቤታችን እንዴት እናምጣው? ከዚህ በታች የጻፍኩት እኔ የምከተለውን ነው። ኦርቶዶክስ ያልሆነ ክርስቲያንም አብዛኛውን ሊጠቀምበት ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ቃላት

ትሑት፣ የዋህ፣ ገር። እነዚህን ሳናጠራ ብንጀምር መንገድ እንስታለን።

ግእዙ «ታሕተ» ሲል «ከታች» ማለቱ ነው። ትሑትም ከዚያው ነው፤ ከታች የተቀመጠ። ጉባኤ ቤት ይህን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። መምህሩ መደብ ላይ፣ ተማሪው መሬት ላይ። ጳውሎስም በገማልያል እግር ሥር መማሩን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22 ይናገራል።

«የዋህ» ግን በእኛ ዘመን ተበላሽቷል። «እሱ እኮ የዋህ ነው» ስንል የሚሸወድ፣ ያልነቃ ማለታችን ነው። ጌታ ግን ይህን ቃል ለራሱ ነው የተናገረው፦ «ከእኔም ተማሩ፥ እኔ የዋህ በልቤም ትሑት ነኝና።» ማቴዎስ 11፥29። በቤተ መቅደስ የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ የገለበጠውም እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ የዋህነት የአቅም ማጣት ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ቃል ይህን ይፈታልኛል። ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 2፥24 የጌታ ባሪያ «ለሰው ሁሉ ገር» ይሁን ይላል። ገር ከመግራት ጋር አንድ ዘር ነው። አባታችን ወይፈን ሲገራ ከአሮጌ በሬ ጋር ይጠምደው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነው። ወይፈኑ ይተኛል፣ ይዘላል፣ ወደ ጎን ይጎትታል፣ አንዳንዴ ሞፈር ይሰብራል። አሮጌው በሬ ዝም ብሎ ይቆማል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ጎን ለጎን መሄድ ይጀምራሉ። ወይፈኑ ከተገራ በኋላ ጉልበቱ አልቀነሰም። ያው ጉልበት ነው፤ አሁን ግን ወደ ትልሙ ገብቷል።

1. ቦታውንና ሰውነታችሁን አዘጋጁ

አያቴ ፊደል አትለይም ነበር። በየማለዳው ግን ዳዊቱን ከተሰቀለበት አውርዳ ትሳለመዋለች። በግንባሯ፣ በከንፈሯ፣ ደግሞ በግንባሯ። የማኅደሩ ቆዳ አንድ ጥግ ላይ ጠቁሮ ያብለጨልጭ ነበር። የሷ ግንባር የሚያርፍበት ቦታ ነው። አንዲት ፊደል ሳታነብ ከመጽሐፉ በታች መሆንን ከሷ በላይ ያስተማረኝ የለም።

እናንተም ከሰውነት ጀምሩ። ፊታችሁንና እጃችሁን ታጠቡ። ጫማችሁን አውልቁ። እንደ ሥርዓታችን ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ አማትቡ፣ ስገዱ፣ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ። መጽሐፉን ተሳለሙ። ከስልክ የምታነቡ ከሆነ ዳታውን አጥፉ። ብትችሉ ግን የወረቀቱን ያዙ፤ ስልክ በየደቂቃው ሌላ ጌታ ያመጣል።

ከዚያ አንዲት አጭር ጸሎት። ሁለት ናቸው የሚበቁኝ። አንዷ የብላቴናው የሳሙኤል ናት፦ «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር።» ሌላዋ ከዳዊት ናት፦ «ዓይኖቼን ክፈት፥ ከሕግህም ተኣምራትን አያለሁ።» አንዷን ምረጡና ሳትቸኩሉ ሦስት ጊዜ በሏት። ይህን የሚል ሰው ሁለት ነገር አምኗል፤ ዓይኑ እንዳልተከፈተ፣ የሚከፍትለትም ሌላ እንደሆነ።

ሰዓቱ የግል ነው። ለእኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሻለኛል፤ ቤቱ ዝም ይላል። 20 ደቂቃ ይበቃል።

2. ቁራሽ ያህል ውሰዱ

ብዙ መብላት የሚወድ አንባቢ አለ። በዓመት 81ዱንም መጻሕፍት እጨርሳለሁ ብሎ ይነሳል። መጨረሱ ክፉ አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው ሰው የሚያወራው ስለ መጨረሱ ነው።

ለዚህ ልምምድ በቀን ከ5 እስከ 12 ቁጥር ይበቃል። ለመጀመሪያው ሳምንት እነዚህን ያዙ፦ ማቴዎስ 11፥25-30፣ ማቴዎስ 5፥1-12፣ ሉቃስ 18፥9-14፣ ፊልጵስዩስ 2፥1-11፣ ያዕቆብ 1፥19-27፣ ዘኍልቍ 12 (አጭር ምዕራፍ ስለሆነ ሙሉውን) እና መዝሙር 130።

መዝሙሩ ላይ ተጠንቀቁ። በዳዊታችን 130ኛው የሆነው በዕብራይስጡ አቆጣጠር 131ኛ ነው። ስለዚህ በቁጥሩ አትፈልጉት፤ በመነሻው ፈልጉት፦ «አቤቱ፥ ልቤ አይታበይብኝ፥ ዓይኖቼም ከፍ ከፍ አይበሉብኝ።» ከዳዊት ሁሉ አጫጭሮቹ ውስጥ ነው። ልጅም ይይዘዋል።

3. ድምፅ አውጥታችሁ፣ ሦስት ጊዜ አንብቡ

ንባብ ቤት ልጅ ፊደል ከለየ በኋላ በመልእክተ ዮሐንስ ይጀምራል። ከዚያ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። ንባቡም ደረጃ አለው። ግእዝ ንባብ አለ፣ ውርድ ንባብ አለ፣ ቁም ንባብ አለ። አንዱ ሳይያዝ ወደ ሌላው የለም። መጀመሪያ በቀስታ፣ ፊደል በፊደል፤ ከዚያ በዜማ ሳብ እያደረጉ፤ በመጨረሻ ጥሩ አድርጎ፣ ቃሉን በሚገባው ቦታ እያጠበቁና እያላሉ። ትርጉም ገና አልተነካም። ልጁ ስንደዶ ይዞ ፊደሏን በስንደዶ እየነካ ብቻ ይሄዳል።

8 ዓመቴ ገደማ ነበር። ጓደኛዬን ልቀድም አስቤ እንደ ጎርፍ አንበለበልኩት። አሥራ ምናምን ልጆች ነን፤ ሁላችንም የየራሳችንን እንጮሃለን። የኔታ ዓይናቸው አያይም። ጭራቸውን እያወዛወዙ ይሰማሉ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የኔን ስህተት ነጥለው «ማነህ አንተ፣ ያቺን ቃል ዘለልካት» አሉ። «ብያታለሁ የኔታ» አልኩ። አላልኳትም። አለንጋው ከጎናቸው ነበር፤ አላነሱትም። «እንግዲያ አብረን እንበላት» አሉና ከመስመሩ መጀመሪያ ተነስተው ከኔ ጋር አነበቡ። በኔ ፍጥነት አይደለም፣ በፊደል ቆጣሪ ልጅ ፍጥነት። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ እሳቸው መቼ ዝም እንዳሉ አላወቅሁም።

እቤታችሁ እንዲህ አድርጉት። የመጀመሪያውን ዙር ቃል በቃል፣ ጣታችሁን እያስኬዳችሁ አንብቡ። የለመዳችሁት ምዕራፍ ሲሆን ይህ ከምንም በላይ ያስፈልጋል፤ የለመድነውን ስለማናነብ። በሁለተኛው ዙር ነገሩን ተከተሉ፤ ማን ለማን ይናገራል፣ ከዚህ በፊት ምን ሆኖ ነበር። በሦስተኛው ዙር አንዲት ቃል ትይዛችኋለች። እዚያ ቁሙ። ወደፊት አትሂዱ።

ድምፅ ማውጣቱን አትናቁት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ወደሱ ሲሮጥ የሰማው ሲያነብ ነው። በልቡ ቢያነብ ኖሮ ፊልጶስ ምኑን ይሰማው ነበር?

4. «አልገባኝም» በሉ

ያው ጃንደረባ የንግሥት ሹም ነው፣ በገንዘቧ ሁሉ የሠለጠነ። ፊልጶስ በመንገድ የመጣ እግረኛ ነው። «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። ይህ ጥያቄ ዛሬ ለባለሥልጣን ቢቀርብ ምን እንደሚከተል አስቡት። እሱ ግን «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ወደ ሠረገላውም ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው።

ስለዚህ የማስታወሻ ደብተራችሁን የግራ ገጽ ለዚህ ብቻ ተዉት። ያልገባችሁን እዚያ ጻፉ። ቢያንስ በቀን አንድ። ያልገባችሁ ነገር ከሌለ እንደገና አንብቡ። ጴጥሮስ እንኳ በሁለተኛው መልእክቱ መጨረሻ ላይ በጳውሎስ መልእክታት ውስጥ ለማስተዋል የሚያስቸግር ነገር እንዳለ ጽፏል። ሐዋርያ ስለ ሐዋርያ እንዲህ ካለ፣ እኛ በአንድ ንባብ «ገባኝ» ማለታችን ይገርማል።

5. «አንድም» ብላችሁ መስመር ተዉ

ልቤ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሊቃውንቱ መጽሐፍ ሲተረጉሙ የግእዙን ንባብ ያነባሉ፤ ከዚያ በአማርኛ ያብራራሉ። አንድ ትርጉም ሰጥተው ሲያበቁ «አንድም» ይላሉ። ሌላ ትርጉም ይመጣል። ደግሞ «አንድም»። ትርጓሜው ራሱ ስሙን ያገኘው ከዚህች ቃል ነው፤ አንድምታ። ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነው። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት ተብሎ በየጉባኤው ተከፍሎ ይሰጣል። አንዱን ጉባኤ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል።

እኔን የሚደንቀኝ «አንድም» የምትባልበት ቦታ ነው። መምህሩ ያማረ ትርጉም ሰጥቷል። ተማሪው ረክቷል። ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ልክ እዚያ ላይ «አንድም»። የእኔ ቃል የመጨረሻው ቃል አይደለም ማለት ነው። ይህ በአንድ ሊቅ ጠባይ ላይ የተተወ ትሕትና አይደለም። ሥርዓት ሆኖ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ገብቷል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። «አንድም» ማለት ማንም የመሰለውን ይበል ማለት አይደለም። ተማሪው ትርጉም አይፈጥርም፤ ይቀበላል። ንባቡ ከሌላው መጽሐፍ ጋር ይታያል፣ ከአበው ትምህርት ጋር ይታያል። የሚጋጭ ከሆነ ይወድቃል። እኛም ቤታችን ቁጭ ብለን የምንጽፈው ማስታወሻ ነው፤ ትርጓሜ ብለን ልናስተምረው አይገባም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በቀኙ ገጽ ላይ ያ ቀን የያዛችሁን ቃል ከላይ ጻፉ። ከሥሩ የተረዳችሁትን በአንድ መስመር አስፍሩ። ከዚያ «አንድም» ብላችሁ ጻፉና ባዶ መስመር ተዉ። እንደገና «አንድም»፣ ባዶ መስመር። ሁለቱን ባዶዎች እናንተ በዚያ ቀን አትሞሏቸውም። ከመምህር፣ ከጓደኛ፣ ከሌላ የመጽሐፍ ክፍል፣ ከኑሮ የሚመጣ ይሞላቸዋል። አንዳንዱ ዓመት ይቆያል።

የኔ ደብተር ላይ ከማቴዎስ 11፥29 «ቀንበሬን በላያችሁ ተሸከሙ» የሚለው አለ። ከሥሩ የጻፍኩት፦ «ቀንበር ጉልበትን አያጠፋም፤ ወደ ትልሙ ያስገባዋል።» ከአባቴ ወይፈን ያገኘሁት ነው። በሱ ረክቼ ነበር። ከታቹ ሁለት «አንድም» ተጽፎ ለረጅም ጊዜ ባዶ ቆየ።

6. ቃሉን መጀመሪያ ወደ ራሳችሁ አዙሩት

ያዕቆብ ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን ሰው በመስተዋት ፊቱን አይቶ ወዲያው እንደሚረሳ ሰው ይቆጥረዋል። መስተዋት ወደ ጎረቤት ዞሮ ከተያዘ እኛ የምናየው ጀርባውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አለ። የሚገሥጽ ቃል ሳነብ ለሦስት ቀን ለማንም አልናገረውም። ሦስቱን ቀን እኔ ላይ ይሠራል። መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው የሌላ ሰው ፊት ከሆነ ያንን ሰው ስም በወረቀቱ ጥግ ጽፌ እሰርዘውና የኔን ስም እጽፋለሁ። «እከሌ ይህን ቢሰማ» የምትለዋ ሐሳብ ስትመጣ ታውቋታላችሁ። ፈጣን ናት። ደስ ታሰኛለች። ሉቃስ 18 ላይ ፈሪሳዊው በጸሎቱ መሀል «ወይም እንደዚህ ቀራጭ» ያለው ከዚህችው ሐሳብ ነው። ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገረ ዓይኑ ጎረቤቱ ላይ ነበር። ቀራጩ ግን «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ሲል ሌላ ሰው አልጠራም።

ለእህቴ የጠቀስኩላት ጥቅስ ቀጣዩ ሐረግ «ከንፈሩን የሚገታ ግን አስተዋይ ነው» ይላል። ያን ቀን ከንፈሩን መግታት የነበረበት ማን እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው።

7. የምትጠይቁት ሰው ይኑራችሁ

የቆሎ ተማሪ ከቤቱ ሲወጣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ ነው። ውሻ ይጮህበታል። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እናቶች ቁራሽ እንጀራ፣ አንዳንዴ ቆሎ ይሰጡታል። አንዳንዴ ባዶውን ይመለሳል። የሀብታም ልጅ ቢሆንም ያው ነው። በልጅነቴ ይህ የችግር ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሌላም ነገር ይታየኛል። ቀን የሰውን እንጀራ በደጅ ለምኖ የበላ ሰው ማታ የመምህሩን ቃል ሲቀበል እጁን ዘርግቶ መቀበልን ለምዶታል። ሕይወቱ አንድ ወጥ ነው።

እኛ ደበሎ አንለብስም። ግን ለምነን የምንማርበት አንድ ሰው ያስፈልገናል። የንስሐ አባታችሁ፣ የደብሩ መምህር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያለ ታላቅ ወንድም ወይም እህት። በወር አንድ ጊዜ የግራ ገጻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከ3 ጥያቄ በላይ አትውሰዱ።

አጠያየቁም ይለያያል። «አባታችን፣ ይህ እንዲህ ማለት አይደለም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ይዞ የመጣ ነው፤ ማረጋገጫ ፊርማ ነው የሚፈልገው። «አባታችን፣ እዚህ ጋ ተያዝኩ፤ እንዴት ላንብበው?» የሚለው ሌላ ነው። መልሱን ስትሰሙ ጻፉ። የሰማችሁት ካልጣማችሁ እዚያው አትከራከሩ። «ልብላላው» ብላችሁ ተነሱ። መምህሩ «ይህን አላውቀውም» ካሉ ደግሞ እጃቸውን ሳሙ፤ ትልቅ ሰው አግኝታችኋል።

8. ሰው ሲሳሳት

ይህን ክፍል ከሁሉ በላይ የምፈራው እኔ ነኝ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 መጨረሻ ላይ አጵሎስ የሚባል ሰው አለ። ከእስክንድርያ የመጣ፣ ነገር አዋቂ፣ በመጻሕፍት የበረታ። በኤፌሶን በምኩራብ በድፍረት ያስተምር ነበር። የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነው። አቂላና ጵርስቅላ ሰሙት። እነዚህ ባልና ሚስት ድንኳን ሰፊዎች ናቸው። በጉባኤው መሀል ተነስተው «ተሳስተሃል» አላሉትም። ለብቻ ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ይበልጥ በትክክል አስረዱት። ያ ሁሉ የሚያውቅ ሰውም ከድንኳን ሰፊ ቁጭ ብሎ ተማረ። በአንድ አጭር ታሪክ ውስጥ የሁለቱንም ወገን ታያላችሁ፤ የሚያርመውንም የሚታረመውንም።

ከዚህ የምወስደው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስሙ። ለብቻ ውሰዱት። ቤታችሁ ብትወስዱት ደግሞ ይሻላል፤ ሰው ቡና እየጠጣ ሲታረም ልቡ አይዘጋም። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ 300 ሰው እያየ የሚታረም ሰው ስለ ጥቅሱ ማሰብ ያቆማል። ስለ ፊቱ ብቻ ያስባል።

አነጋገራችሁንም አለዝቡት። «ተሳስተሃል» ከማለት «እኔ እንዲህ ሲሉ ነበር የሰማሁት፤ አንተ ከየት አገኘኸው?» ማለት። ከየት እንዳገኘው ሲነግራችሁ ደግሞ በእውነት አዳምጡ፤ ልክ ሊሆን ይችላል። ዘመዳችሁ የሌላ ቤተ እምነት አማኝ ከሆነም ያው ነው። ጴጥሮስ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቋችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ካለ በኋላ «ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ብሎ ያስራል። የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘን ሁለተኛውን የምንተው ብዙ ነን።

9. ያነበባችሁትን እጅ ላይ አውርዱት

በጸሎተ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ያውቃል። ካህናቱ ጎንበስ ብለው የምእመናኑን እግር ያጥባሉ፤ በወይንና በወይራ ቅጠል ይረጫሉ። ዮሐንስ 13 በዚያ ቀን በእጅ ይነበባል።

ይህን በዓመት አንድ ቀን ብቻ ለምን እንተወዋለን? ቤታችን ምግብ ሲቀርብ እጅ የሚያስታጥበው ትንሹ ነው። ልጁ ወይም ሠራተኛዋ። አንድ ቀን ማንቆርቆሪያውን እናንተ ያዙ። ለልጁ አስታጥቡ። ለሠራተኛዋ አስታጥቡ፤ ፎጣውንም አቀብሏት። ልጁ ይስቃል። እሷ ታፍራለች፣ «ኧረ በማርያም» ትላለች። አታብራሩ፣ ጥቅስ አትጥቀሱ። ዝም ብላችሁ ውሃውን አንቆርቁሩ። ከባድ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው ጎንበስ ማለት ወገብን ሳይሆን ሌላ ነገርን እንደሚያም አወቅሁ።

ሌላም ይሆናል። ባነበባችሁት ላይ የተመሠረተ፣ ትንሽ፣ ማንም የማያወራለት አንድ ሥራ በሳምንት አንድ።

የሚያጋጥሙ ነገሮች

ቃሉ ደረቅ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምንም አይዝም። ያን ጊዜ አዲስ ክፍል አትፈልጉ፤ ያንኑ ደግማችሁ ዳዊት ጨምሩበት። ዳዊት 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። አንድ ንጉሥ ደግሞ መነሳት በደረቅ ቀን ሰውን ደግፎ ያቆማል።

ቁጥር መቁጠር ሌላው ነው። «ይህን ያህል ደገምኩ» ማለት ሲጥማችሁ ለአንድ ሳምንት መቁጠሩን ተዉት።

የውሸት ትሕትናም አለ። «እኔ ምናምንቴ፣ እኔ አፈር» እያሉ ሰው «ኧረ አይበሉ» እንዲል መጠበቅ። እውነተኛው ትሑት ስለ ራሱ ብዙ አያወራም፤ ክፉም ደግም። ሙሴን ተመልከቱ። ዘኍልቍ 12 ላይ እህቱና ወንድሙ ስለ ኢትዮጵያዊት ሚስቱ አሙት። መጽሐፉ እዚያው ላይ ሙሴ በምድር ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ እጅግ ትሑት ነበረ ይላል። ሙሴ ግን በምዕራፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው አፉን የከፈተው። እህቱ ማርያም በለምጽ ስትመታ፣ እንድትፈወስ ለመለመን።

ያን ምዕራፍ ካነበብኩ በኋላ ነው ደብረ ኤልያስ የወረድኩት። እህቴን ይቅርታ ለመጠየቅ። ወራት አልፈው ነበር። እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዛ አቆመችኝ። ቡና አፈላች። ያን ቀን እኔ አላወራሁም፤ የአማቷን ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ እስከ መጨረሻው ነገረችኝ። በረካው ላይ «ያን ደብተርህን ይዘኸዋል?» አለች። ይዤው ነበር። «አንድ አንብብልኝ» አለችኝ። የቀንበሩን አነበብኩላት። ቀጥዬም የሚቀጥለውን ቁጥር፣ «ቀንበሬ ልዝብ ሸክሜም ቀሊል ነውና» የሚለውን።

«ልዝብ» አለች። ትንሽ ቆየች። «አባባ አዲስ ቀንበር ሲጠርብ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቀው አልነበር? የበሬው አንገት እንዳይቆስል። ቀኑን ሙሉ ይፍቀው ነበር እኮ፤ በእጁ እየዳበሰ።»

«አዎ» አልኳት።

«አንተ ያን ቀን የጫንክብኝ አልተፋቀም ነበር» አለችኝ። በቁጣ አይደለም። ሲኒዬን እየቀዳች ነው ያለችኝ።

ከመጀመሪያው «አንድም» አጠገብ እሷ ያለችውን ጻፍኩ። ሁለተኛው «አንድም» ገና ባዶ ነው።